የብር ቅንጣት ያለበት ምሳ ዕቃ

የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፤ ቁጡም ነኝ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሁለቱንም የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ተማሪዎቼ ጠመኔውን ከመስበሬ በፊት ከአተነፋፈሴ ያውቁኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለመኩራራት አይደለም። ስለ አንድ የፕላስቲክ ዕቃ እንዲህ ስንጨረጨር የሚሰማ ሰው "ይኼን ሰውዬ ምን ነካው?" ማለቱ ስለማይቀር ነው። እንግዲህ የነካኝን ልናገር።

እህቴ ከአረብ አገር የተመለሰችው ለውጡ በመጣ ሰሞን ነበር። ያኔ ሰው ሁሉ ተስፋ በተስፋ ነበር፤ ሚኒባስ ውስጥ የማይተዋወቁ ሰዎች ስለ አገር ሲያወሩ እስከ ደሴ ይደርሱና መለያየት ያቅታቸው ነበር። እህቴ ታናሼ ናት። ስትሄድ ጡት ከጣለች ብዙም ያልቆየች ልጇን ለእናታችን ትታ ነው የሄደችው፤ የልጅቱ አባት ቀድሞ ሌላ አግብቶ ነበር። ስትመለስ ልጅቱ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ የፊት ጥርሷ ወልቋል፣ እናታችንን "እማ" ትላለች። እህቴን ምን ብላ ትጠራት ይሆን ብለን ሁላችን አፏን እናያለን። "እትዬ" አለቻት። እትዬ እኮ ጎረቤት ያለችን ትልቅ ሴት የምንጠራበት ነው! እህቴ እንዳልሰማች ሆና ሻንጣዋን መፍታት ጀመረች።

ከሻንጣው ልብስ ወጣ፣ ሽቶ ወጣ፣ ለእናቴ መስገጃ ወጣ። በመጨረሻ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተሰካኩ ክዳናም የፕላስቲክ ምሳ ዕቃዎች ወጡ። ክዳናቸው ሰማያዊ ነው፤ ሲገጠም ጠቅ ይላል። ልጅቱ ልብሱንም አሻንጉሊቱንም ትታ እነሱ ላይ ተጣበቀች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ ቀኑን ሙሉ ጆሯችንን አደነቆረችው።

ከዚያ ወዲያ የልጅቱን ምሳ የምትቋጥረው እህቴ ሆነች። ልጅቱ ከዚያ በቀር ከእናቷ እጅ ምንም አትቀበልም ነበር። ፀጉርሽን ልሥራሽ ስትላት ወደ እማ ትሮጣለች፣ ላጥብሽ ስትላት ታለቅሳለች፣ አብራት መተኛትማ አይታሰብም። ምሳ ዕቃውን ግን ትቀበላለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባዶውን እያንኳኳች መጥታ "እትዬ፣ ነገ ምን ትቋጥሪልኛለሽ?" ትላታለች። እህቴ ለዚች ጥያቄ ስትል ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተመልሳ አትተኛም። አሳ አጥማጆቹ ጋ ወርዳ ትኩስ የቆሮሶ አሳ ታመጣለች፣ ትጠብሳለች፣ ሎሚ ጭምቅ አድርጋ እንደጋለ ትከድነዋለች። ልጇን መልሳ የምታገኝበት ሌላ መንገድ አልነበራትም። ይህን እኔም አውቀው ነበር፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

አንድ ቅዳሜ ዕቃውን ገልብጬ ከታች ያለውን ጽሑፍ አየሁት። በእንግሊዝኛ በትልቁ "ናኖ ብር" ይላል፤ ጀርም ይገድላል፣ ምግብ ሳይበላሽ ያቆያል ይላል። ከሱ በታች ጉንዳን የሚያህል ዓረብኛ አለ። እኔ ቁርአን ቤት ፊደሉን ቆጥሬያለሁ እንጂ የገበያ ዓረብኛ አይገባኝም። እህቴም የምትሰማውን ያህል ማንበብ አትችልም። ይዤው መስጊድ ወደሚያስተምሩት ኡስታዝ ሄድኩ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አነበቡት። "ትኩስ ምግብ አይጨመርበት። በሻካራ ነገር አይታጠብ። የተጫረ እንደሆነ ይወገድ። እንዲህ ነው የሚለው" አሉኝ።

ያ አላህ! እኛ ቤት ከምጣድ የወረደ አሳ ነው የሚጨመርበት። የምታጥበው እናቴ ናት፤ በአመድና በአሸዋ ነው፤ ፍትግ አድርጋ። ጭረት ከተባለማ ውስጡ የታረሰ ማሳ መስሏል።

ጉዳዩ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልናገር። ብርን፣ ቀለበት የምንሠራበትን ብር፣ ፈጭተው ፈጭተው እጅግ ያሳንሱታል። አንዲት ፀጉር በቁመቷ ሺህ ቦታ ብትሰነጠቅ ከአንዷ ስንጣቂ ውፍረት አይበልጥም። እሱን ከፕላስቲኩ ጋር ያቦኩትና ዕቃው ጀርም የሚገድል ይሆናል። መልካም። ታዲያ የሚገድለው ነገር ከፕላስቲኩ ወጥቶ ወደ አሳው ቢገባስ? ሙቀትና ሎሚ ሲያገኘው፣ አሸዋ ሲፍቀው ምን ያህል ይወጣል? ሆድ ሲገባ ወጥቶ ይሄዳል ወይስ ጉበት ውስጥ ጎጆ ይቀልሳል? ኢንተርኔት በሚሠራበት ቀን ሁሉ አነበብኩ። አንዱ "የሚወጣው ጥቂት ነው" ይላል፤ ሌላው "ጥቂቱም ቢሆን በደንብ አልታወቀም" ይላል። ሁሉም መጨረሻው ላይ "ገና መጠናት አለበት" ይላል። መጠናት አለበት! በማን ላይ? እኛ ቤትማ እየተጠና ነው፤ የኔዋ የእህቴ ልጅ ሆድ ውስጥ!

ደሴ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ሁሉም ያው ነው። ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሰውዬው ክዳኑን ጠቅ አደረገና "ቆንጆ ነው፤ ከየት ነው?" አለኝ። አስረዳሁት። "ይኼ በሻንጣ የገባ ነው፤ እኛ የምናየው በንግድ የገባውን ነው" አለ። በንግድ የገባውም ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ያለ ሱቅ መስኮት ላይ ተደርድሯል፤ በጣቴ አሳየሁት። ዞር ብሎ አየና "እና በዚህ የሞተ ሰው አለ?" አለኝ።

ደሜ ፈላ። "የሞተ ሰው አምጣ ነው የምትለኝ? ከሞተ በኋላማ ላንተ ሳይሆን ለቀባሪ ነው የምነግረው!" ብዬ ጮህኩ። ዘበኛው መጣ። ዕቃዬን ታቅፌ ወጣሁ። ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ አንድ ወዳጄ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ይሠራል፤ ደወልኩለት። "ወንድሜ፣ ይህን የሚለይ መሣሪያ እኛ ጋ የለም፤ ቢኖርም ለአንድ ምሳ ዕቃ ማን ይከፍትልሃል?" አለኝ። አፌዘብኝ ማለት አልችልም፤ እውነቱን ነው የነገረኝ። አንጀቴ እርር ያለው ለዚያ ነው።

ቤት ገብቼ ነገሩን ለእናቴ አቀረብኩ። እናቴ የአምባሰል ሴት ናት፤ ክርክር ከያዘች ዳገቱን ይዛ ነው። መጀመሪያ ጭራሽ አልሰማችኝም። ከዕቃው ሥር ያለውን ዓረብኛ እያሳየችኝ፣ "አንት ልጅ፣ ይህ ፊደል ያረፈበት ነገር ምን ክፉ አለው? ለዚህ አይደል መሬት የማላስቀምጠው!" አለችኝ። ለካስ ከሌላው ዕቃ ሁሉ ለይታ ለዚያራ ወደ ሸኾች መቃብር የሚላከውን ምግብ፣ የሰደቃውን ተምር፣ ለታመመ የሚወሰደውን አጥሚት በነዚያ ውስጥ የምታደርገው ለዚህ ነበር። ፊደሉን አክብራ ነው ያመነችው። እዚያው ፊደል ላይ "ትኩስ አታድርጉ" ተብሎ መጻፉን ስነግራት "እሱን ኡስታዙ ይበሉኝ እንጂ አንተን አላምንም" አለች። ዲግሪዬን ባስታውሳት ሳቀችብኝ።

"እሺ እማ፣ ውስጡ ያለው እኮ ብር ነው! የቀለበት ብር!" አልኳት።

ቀጥ አለች። "ብር?"

"አዎ፣ ብር።"

"ወላሂ በል።"

"ወላሂ!"

ብድግ ብላ ዕቃዎቹን ከመደርደሪያ አወረደቻቸው። "አስተግፊሩላህ! በብር ዕቃ መብላት ሐራም መሆኑን እያወቅህ እስከ ዛሬ ዝም ትላለህ? ስለ ጉበት ታወራልኛለህ!" አለችና በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠቻቸው።

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? የስንት ዓመት ትምህርቴ ያልሠራውን ይህች አንዲት ቃል ሠራችው። ኡስታዙ እንኳ ቆይተው "ሐራሙ ዕቃው ራሱ ብር ሲሆን ነው፤ በዓይን ስለማይታይ ብር እኔም መልስ የለኝም፤ ከኔ የሚያውቅ ይጠየቅ" ብለዋት ነበር። እሷ ግን አንዴ ቆርጣለች። እኔን ደግሞ እንዲህ አለችኝ፤ "ብር ከሆነ ሐራም ነው፤ ብር ካልሆነ አንተን ምን አናደደህ?"

የተጎዳችው እህቴ ናት። ያመጣችው ስጦታ በአንድ ቀን ሐራምም መርዝም ተባለ። በማግስቱ የልጅቱን ምሳ በድሮው ጎድጓዳ የቆርቆሮ ሳህን፣ በፌስታል ጠቅልላ ሰጠቻት። ልጅቱ ተመለከተችው፤ "የኔን ነው የምፈልገው" አለችና አኩርፋ ባዶ እጇን ሄደች። ሲመሽ "ነገ ምን ትቋጥሪልኛለሽ?" አልተባለም። ደግሞ እማ፣ እማ ሆነ። እህቴ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም፤ ሰላምታዬን ብቻ "ወዓለይኩም ሰላም" ብላ እየመለሰች ዞር ትላለች። እሷ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እንጣለው ስል ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ፊደል አለበትና ቆሻሻ ላይ አይጣልም። እናቴ የወግ ነገር ታውቃለች፤ የዓረብኛ ጽሑፍ ያለበት ያረጀ ወረቀት ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ንጹሕ አፈር ይለብሳል፣ ወይ ውኃ ይገባል። "አቃጥለዋለሁ" አለች። "ፕላስቲክ ነው፤ ጭሱ ይገድለናል!" አልኩ። "እቀብረዋለሁ" አለች። የምትቀብርበት ቦታ ጎመኗ ሥር ነው፤ "ብሩ አፈሩ ውስጥ ይቀራል!" አልኩ። "እንግዲያው ሐይቁ ይውሰደው" አለች። እዚህ ላይ ጨርቄን ልጥል ምንም አልቀረኝም። "እማ! ጀርም ሊገድል የተሠራ ነገር የምንበላው አሳ የሚኖርበት ውኃ ውስጥ?" ብዬ ስጮህ ጎረቤት ወጥቶ አየኝ። እናቴም በጣም በተረጋጋ ድምፅ፣ "አላህ ይዘንልህ። የሠሩት ሰዎች ሲያልቅ የት እንደሚደረግ አልጻፉም?" አለችኝ። አልጻፉም። ይወገድ ብለዋል፤ የት እንደሚወገድ ግን የሚነግረን አላገኘንም። ዕቃዎቹ በጨርቅ እንደተጠቀለሉ መደርደሪያው ላይ ቀሩ።

ጦርነቱ የመጣው በዚህ መሐል ነው። መጀመሪያ የሩቅ ወሬ ነበር። ኋላ የአምባሰል መንገድ ተዘጋ፣ የእናቴ ዘመዶች በእግራቸው እየወረዱ እኛ ቤት ገቡ፣ መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ። የከባድ መሣሪያው ድምፅ ጣሪያችንን ሲያንቀጠቅጥ እኛም በተራችን ወጣን። ወደ አርዲቦ ሐይቅ ዳር፣ የአባታችን ወገኖች ወዳሉበት መንደር በእግር ሄድን። እናቴ ስትወጣ የያዘችው መስገጃዋንና ያንን የጨርቅ ጥቅልል ነው። ሸክላ ይሰበራል፣ ድስት ይከብዳል፤ ፕላስቲኩ ቀላል ነው። ሳያት መንገድ ላይ ቆምኩ። "ድሩራ ነው፤ ችግር ነው። ለተቸገረ ያልተፈቀደው ይፈቀድለታል" አለችኝና አለፈችኝ።

ዘመዶቻችን ያላቸውን አካፈሉን፤ አላህ ይስጣቸው። ግን ቤቱ በተፈናቃይ ሞልቷል፤ ሰው ከዕቃ ይበዛል። እናም የማሽላ ገንፎ ከእሳት እንደወረደ በነዚያ ምሳ ዕቃዎች እየተሞላ ለልጆች ይሰጥ ጀመር። የእህቴ ልጅ ሰማያዊ ክዳኗን መልሳ ስታገኝ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሐል ሳቀች። ሌሊቱን ሲተኮስ ያደረውን ረስታ ጠቅ፣ ጠቅ ታደርጋለች። ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ትበላለች። አንድ ቀን ስትበላ ጭንቅላቷን እናቷ ጉልበት ላይ ጣል አደረገች፤ እህቴ እንዳትነሳባት ፈርታ እግሯ እስኪደነዝዝ አልተነቃነቀችም። ያየሁትን አይቼ ዝም ማለት ነበረብኝ ይሆናል። ገንፎው ግን ይጨሳል፤ ከዕቃው ጭረት ውስጥ ገብቶ ይጨሳል! ትምህርት ቤቴ ተዘርፏል፣ የቤተ ሙከራው ብርጭቆ ሁሉ ወለሉ ላይ ደቅቋል የሚል ወሬ የሰማሁትም ያን ቀን ጠዋት ነበር። በዚህች ዓለም ላይ አንድ ነገር እንኳ ላስቆም አለመቻሌ አንገበገበኝ።

ዕቃውን ከልጅቱ እጅ ነጠቅሁና ገንፎውን አጠገቤ ያገኘሁት ጣባ ላይ ገለበጥኩት። ልጅቱ ጮኸች። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አየኝ፤ አስተማሪው አበደ ሳይሉ አይቀሩም። እህቴ ክንዴን ይዛ ከቤቱ ጀርባ፣ ከአገዳው ክምር ሥር ወሰደችኝ።

"ጥይት ላይ ነን፣ ረሃብ ላይ ነን፤ አንተ ስለማይታይ ብር ልጄን ታስለቅሳለህ!" አለችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ያናገረችኝ ያኔ ነው።

"አይታይም ማለት የለም ማለት ነው?"

"በአላህ ይዤሃለሁ ወንድምዓለም። ትምህርትህን ተወውና አንድ ጊዜ ጥርት አድርገህ ንገረኝ። ልጄን ይጎዳታል ወይስ አይጎዳትም?"

ይጎዳታል ልል አፌን ከፈትኩ። ውሸት ነው። አይጎዳትም ብል እሱም ውሸት ነው። "አላውቅም" አልኳት።

"ማን ነው የሚያውቀው?"

"እዚህ አገር የሚያውቅ አላገኘሁም። የሠሩትም ሁሉን የሚያውቁ አይመስለኝም።" ድምፄ ራሱ የሌባ ይመስላል። "የሚያናድደኝ እሱ ነው! ተጠንቶ ያላለቀለትን ነገር ሸጡ። እሺ፣ እዚያ ያለ ሰው ቢያንስ ጽሑፉን ያነባል፣ ሐኪም ይጠይቃል። ከተጠራጠረ ይተወውና ለልጆቹ የብርጭቆ ዕቃ ይገዛል። እኛ ግን..."

"ብርጭቆ?" አለች።

"ምን?"

አገዳው ላይ ተቀመጠች። ፊቷ እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም፤ ደንግጬ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

"እዚያ ሳለሁ አንድ ቀን ማዳሟ፣ አሠሪዬ፣ ስልኳን ስታነብ ቆይታ ወጥ ቤት ገባች" አለች፣ ቀስ ብላ። "ይህን ዕቃ በሙሉ ከመደርደሪያ አስወረደችኝ። አዲስ ነበር እኮ፤ አንድም ጭረት የለውም። ያን ቀን ማታ ለልጆቿ የብርጭቆ ዕቃ ገዝታ መጣች፤ ከዚያ ወዲያ ምሳቸውን የምቋጥረው በሱ ነው። ይኼን ልጥለው ስል አትጣዪው አለችኝ።"

"ምናልባት..." ብዬ ጀመርኩ። ምናልባት ሰማያዊው ቀለም ሰልችቷት ይሆናል ልላት ነበር። እህቴ እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

"ያን ሁሉ ዓመት ስሠራላት ልጅ እንዳለኝ አንስታ አታውቅም። ስልክ ላይ ሳለቅስ ስታየኝ እንኳ በሩን ዘግታ ነው የምታልፈው። ያን ቀን ግን ጠየቀችኝ። 'ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?' አለችኝ። ደስታዬን አልችል ብዬ እጇን ሳምኩት፤ ነገርኳት።"

ልጅቱ ከቤቱ ማዶ አሁንም ታለቅሳለች። እህቴ ወደ ድምፁ ዞር አለችና ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ዕድሜዋን ከሰማች በኋላ ነው 'ለልጅሽ ውሰጂላት' ብላ የሰጠችኝ" አለች።